ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት

በጓሮአችን ጥቂት ዶሮ እናርባ የምትሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደላችሁም። መልካም አሳብ ነው። ዳሩ ግን ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት ዶሮ በመግዛት ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ አንድ ምሽት፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ እንድትቀመጡ እመክራችኋለሁ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ።

ለጀማሪ 10 ቄብ ይበቃል። የአንድ ቀን ጫጩት ሙቀትና ሌት ተቀን ጥበቃ ስለሚፈልግ፣ ዕድሜያቸው ከ45 ቀን እስከ 2 ወር የሆናቸውን ብትገዙ ይሻላል። ምን ምን ክትባት በስንት ቀናቸው እንደ ወሰዱ ሻጩን ጠይቃችሁ ጻፉ። ቦቫንስ ብራውን ለእንቁላል የተመረጠች ዝርያ ናት፤ ሳሶ ለእንቁላልም ለሥጋም ትሆናለች። የምትፈልጉት እንቁላል ብቻ ከሆነ አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ሴቶቹ ያለ እርሱም ይጥላሉ።

ቤታቸው ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይለቅ። ለ10 ዶሮ ከ2 ካሬ ሜትር ተኩል ያላነሰ ወለል፣ አየር የሚያስገባ የሽቦ ወንፊት፣ ሽልምጥማጥ የማያሾልክ በር፣ ቆጥና ቢያንስ 2 የእንቁላል መጣያ ሳጥን ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ወይም ጭድ ጎዝጉዙ። የረጠበውን ቶሎ እያወጣችሁ በደረቅ ተኩ፤ እርጥበት በሽታና ጎረቤት የሚያስቀይም ሽታ ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የ45 ቀን ቄብ እንቁላል የምትጀምረው 5 ወር ገደማ ሲሞላት ነው። ስለዚህ ከ3 ወር በላይ ከቤታችሁ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አንድም እንቁላል አይገባም። በእነዚህ ወራት 10 ቄቦች 75 ኪሎ ያህል መኖ ይበላሉ። ብዙ ቤት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የመኖው ገንዘብ በመካከል ሲያልቅ ዶሮዎቹ ፍርፋሪ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ እድገታቸው ይጓተታል፤ እንቁላሉ ይዘገያል፤ ከዚያም «ይህን ነገር ማን አመጣው?» የሚል ክርክር ይነሣል። እንግዲህ የ75 ኪሎውን ዋጋ በሰፈራችሁ ጠይቁና ከዶሮዎቹ ዋጋ ጋር ደምሩት። ድምሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ በ5 ጀምሩ፤ ምንም አያሳፍርም።

መጣል ሲጀምሩ እያንዳንዷ በቀን እስከ 120 ግራም የእንቁላል ጣይ መኖ ትበላለች። ይህ ለ10 ዶሮ በወር 36 ኪሎ ይሆናል። በደንብ ከተያዙ በቀን 7 ወይም 8 እንቁላል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከሽያጩ የመኖው ድርሻ በቅድሚያ ይነሣ። የቀረው ለልጆች ደብተር ይሁን ለሌላ፣ ገንዘቡንም ማን ይያዘው፣ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ጻፉት።

ወንድሞቼ ሆይ፣ አትቀየሙኝ። በብዙ ቤት «የእኛ ዶሮዎች» የሚባሉት ሲሸጡ ነው፤ ሲጠረግላቸው ግን የእርስዋ ናቸው። ጠዋት ውኃ የሚቀይር ማን ነው? ኩሱን የሚያወጣስ? ማታ በር የሚዘጋስ? ባለቤት የሌለው ሥራ ሳይሠራ ያድራል፤ በሩ ሳይዘጋ ባደረ ሌሊት ደግሞ ሽልምጥማጥ ይገባል።

ስለ በሽታ ደግሞ ፈንግልን አትናቁ። ያልተከተቡትን በጥቂት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ከያዛቸው በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። አንድ ብልቃጥ ከ10 ዶሮ ለሚበልጥ የሚበቃ ስለሆነ፣ ከተከፈተም በኋላ ስለማይቆይ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። የሚደገምበትን ቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። ከገበያ የመጣች ዶሮንም ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ሳታቆዩ ከነበሩት ጋር አትቀላቅሉ።

ወሩንም አስቡበት። በመስከረም የተገዛ የ45 ቀን ቄብ በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ መጣል ይጀምራል። ያን ጊዜ ገና ደርሷል፤ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያም እንቁላል ፈላጊ አለ። በጾም ወራት ብዙዎቹ ገዢዎቻችሁ ይቀንሳሉ፤ ዶሮዋ ግን መብላቷን አታቆምም። ለዚያ ወቅት የሚሆን የመኖ ገንዘብ ከወዲሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡና ተቀመጡ። የእጃችሁ ሥራ ይባረክ።