የሶዶ ውሾችና የስድስት ኪሎ አንበሶች

ሶዶ ሲመሽ ባለቤቷ ይቀየራል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የእኛ ናት፤ ከዚያ በኋላ የውሾች። ከአውቶቡስ ተራ በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል። ድንጋይ ይዘን የምንሄደው ጠብ ፈልገን አይደለም።

ይህ ጉዳይ ቡና ላይ በተነሣ ቁጥር ሁለት ቡድን ይፈጠራል። አንዱ «መርዝ ነው መፍትሔው» ይላል። ሌላው «ኧረ ነውር ነው! መንግሥት ሰብስቦ መጠለያ ያስገባቸው» ይላል። እኛ ለረጅም ጊዜ ከሁለተኛው ቡድን ነበርን። ዛሬ ግን አንድ እግራችንን አውጥተናል። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

መርዙን ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን አይተነዋል። ሌሊት በሥጋ ተለውሶ ይጣላል፤ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንወጣ ውሾቹ መንገድ ዳር ደርቀው እናገኛቸዋለን። ከባለቤት አልባዎቹ ጋር የጎረቤት ውሻም አብሮ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ መንደሩ እንደገና በውሻ ይሞላል። ለምን አይሞላ? ምግቡ እዚያው ነው! የሥጋ ቤቱ አጥንት፣ የገበያው ጥራጊ፣ በጊፋታ ሰሞን ደግሞ በየሰፈሩ የሚታረደው በሬ ትርፍራፊ እስካልተነሣ ድረስ የሞተውን የሚተካ ሌላ ውሻ አይጠፋም።

እንግዲህ መጠለያ ይሠራ? ቃሉ ደስ ይላል። ነገር ግን መንግሥት እንስሳ ሰብስቦ ሲይዝ ምን እንደሚፈጠር አገራችን አንድ ትልቅ ትምህርት አላት። ትምህርቱ ያለው አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ ነው።

አንበሳ ግቢ በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ነው። ባለ ጥቁር ጎፈሬዎቹን አንበሶች ለማየት አባቶቻችን ተሰልፈዋል፤ እኛም አዲስ አበባ ስንሄድ ፎቶ ተነሥተናል። በኅዳር 1999 ዓ.ም ግን አንድ ዜና ዓለምን ዞረ። የግቢው ኃላፊዎች ራሳቸው ለውጭ ዜና ወኪሎች እንዳመኑት፣ ቦታና ገንዘብ ስላጠረ ደቦሎቹ በመርዝ እየተገደሉ ነበር። ገላቸውም ቆዳውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያቆሙ ሰዎች ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ደቦል በ170 ዶላር ገደማ። አዎ፣ በሳንቲማችን ላይ ያተምነው አንበሳ!

ከ6 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ተመራማሪዎች በዚያው ግቢ የነበሩ የ15 አንበሶችን ዘረ መል መረመሩ። ውጤቱ እነዚህ አንበሶች ካወዳደሯቸው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ምን ዓይነት ሀብት መርዝ እያበላን እንደነበር የገባን ዘግይቶ ነው። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ይባላል። የስድስት ኪሎዎቹ ግን ለማርጀትም አልታደሉም።

እኛ የግቢው ሠራተኞች ጨካኞች ነበሩ ብለን አናምንም። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። እንስሳ በየቀኑ ይበላል፤ በጀት ግን በዓመት አንዴ ይጸድቃል። ወንድና ሴት አንድ ላይ ከተያዙ ይዋለዳሉ፤ ግቢው ግን አይሰፋም። እንስሳ አቤቱታ አይጽፍም፤ ጎብኚም የሚያየው ከፊት ያለውን ብቻ ነው። መውጫ በር የሌለው ግቢ ሲሞላ አንድ ሰው በጸጥታ መውጫ ያበጅለታል። ያ መውጫ ሞት ነው።

አሁን ይህንኑ ወደ ሶዶ አምጡትና በአንበሳው ፋንታ ውሻ አስገቡበት። ዓለም ያወቀው አንበሳ እንዲህ ከሆነ፣ ስም የሌለው የመንደር ውሻ ምን ይጠብቀዋል? በአንድ በረት የታጎሩ ውሾች ይነካከሳሉ፤ አንዱ በሽታ ካለበት ለሌላው ያዛምታል። ከመንገድ ላይ መርዝ የሚለየው በአጥር መጋረዱ ብቻ ይሆናል። መርዙ ቢያንስ ጠዋት ይታየን ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን? ቡታንን እንይ። እንደኛው ተራራማ፣ ከእኛም በጣም ያነሰች አገር ናት። መግደልም፣ ወደ ሌላ ቦታ ማጋዝም፣ ማጎርም ሞክራ አልሆነላትም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ውሾቹን እየያዘች፣ እያመከነችና እየከተበች ወደ ሰፈራቸው መለሰች። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ150,000 በላይ ውሾች ማምከኗን አስታወቀች። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሆለታ አጠገብ ያለው እንስሳኮቴ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ የዱር እንስሳትን ይቀበላል፤ ራሱን የሚችለውን ወደ ዱር ይመልሳል። የሁለቱም ምስጢር አንድ ነው፦ መውጫ በር አላቸው።

ይህ የእንስሳ ወዳዶች ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ግምቱ ወደ 2,700 ይጠጋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከሟቾቹ መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሾቹን በመርዝ መግደል ግን ሰንሰለቱን አይበጥሰውም፤ የተከተበውንም አብሮ ይገድለዋልና።

ለነገሩ ሶዶ ሰው አላት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል፤ ከተማው ውስጥ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የክልል መቀመጫ ሆናለች። የጎደለው ጉዳዩ የእኔ ነው የሚል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በየዓመቱ ቁርጥ ያለ የክትባትና የማምከን ዘመቻ ይኑር፤ ተማሪዎቹ በሐኪሞቻቸው እየተመሩ ይሥሩት። ሁለተኛ፣ የሥጋ ቤትና የገበያ ቆሻሻ በየዕለቱ ይነሣ። ሦስተኛ፣ ለታመመና ለተጎዳ እንስሳ ማቆያ የሚሠራ ከሆነ መዝገቡ በሩ ላይ ይለጠፍ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ለቀለብ ስንት ብር ወጣ። እኛም በየሳምንቱ ሄደን እናነበዋለን።

እኛም ብንሆን ከወቀሳው አናመልጥም። ስንቶቻችን ነን ቡችላ አሳድገን ሲያስቸግረን ማታ ወስደን ሌላ ሰፈር የጣልነው? የዛሬው ባለቤት አልባ ውሻ ትናንት ባለቤት ነበረው። ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለ በዚህ ሳምንት አስከትቡት። የተነከሰ ሰው ካያችሁ ደግሞ ቁስሉን ቶሎ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡለትና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አጥር መሥራት ቀላል ነው፤ አንበሳ ግቢም አጥር ነበረው።