የዝናቡ ቁጥር የማን ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። አንድ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆን፣ የብዙ ዓመት የዝናብ መጠን የተመዘገበበት ፋይል ከሌላ ተማሪ እጅ አገኘ። ሲከፍተው ግን ከሠንጠረዡ በላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል አነበበና ደነገጠ። አንዱ «ብትነካው ትከሰሳለህ» አለው፤ ሌላው «ሰማይ ላዘነበው ባለቤት ማን ሾመለት?» ብሎ ሣቀ። እኔ በበኩሌ የሣቀው ጓደኛችን በሕግ ረገድ ልክ ነው እላለሁ፤ ይሁን እንጂ ሣቅ ብቻ አይበቃም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው የሰውን የአእምሮ ፈጠራ ነው። ሐሳብ፣ ቀመር፣ የቁጥር ሠንጠረዥና እንዲሁ መረጃ ከጥበቃው ውጭ ናቸው። የመረጃው አመራረጥ ወይም አደራደር የራስ ፈጠራ ያለበት እንደሆነ ስብስቡ ይጠበቃል፤ በውስጡ ያለው መረጃ ግን የማንም አይሆንም። ዝናብን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በተራ ማስፈር ደግሞ ፈጠራ ሊባል አይችልም።

ይኸው ጥያቄ በአሜሪካም ተነሥቶ ነበር። በካንሳስ ግዛት ሩራል የተባለ የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን ስም፣ ከተማና ቁጥር በፊደል ተራ ያሳትም ነበር። ፌይስት የተባለ አሳታሚ የ11 አካባቢዎችን ስልክ በአንድ መጽሐፍ ለማውጣት ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ሩራል ብቻ እምቢ አለ። ፌይስትም ያለ ፈቃድ ቀዳ። 1,309 ስሞች ከሩራል መጽሐፍ ጋር አንድ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 4ቱ ሩራል ቀጂን ለመያዝ ሆን ብሎ የፈጠራቸው፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ነበሩ! የበታች ፍርድ ቤቶች ለሩራል ፈረዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ፍርድ ሻረው። ድካም ብቻውን የደራሲ መብት አያስገኝም ተባለ።

«ታዲያ የሰብሳቢው ላብ ከንቱ ይቅር?» የሚል ይኖራል። የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 መረጃ ለመሰብሰብ ብዙ ወጪ ላደረገ ሰው የ15 ዓመት ልዩ መብት ሰጥቷል። እኛ ይህን መንገድ እንዳንከተል እመክራለሁ። ዝናቡን፣ የእህሉን ዋጋ፣ የወረርሽኙን ቁጥር የቆለፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ተማሪ ከዜሮ እንዲጀምር ይፈርድበታል፤ በድኻ አገር ይህ ትልቅ ብክነት ነው።

ሆኖም ሕግ የፈቀደው ሁሉ ጨዋነት አይደለም። ፋይሉን የተቀበልነው ቃል ገብተን ወይም ፈርመን ከሆነ ቃላችንን እንጠብቅ። ሰብሳቢው ከቁጥሩ ጋር የጻፈው ማብራሪያ የራሱ ድርሰት ነውና እንደ ራሳችን አናድርገው። ከሁሉ በላይ፣ በየጠዋቱ ዝናብ መለኪያውን ያነበበውን ሰው ወይም መሥሪያ ቤት በስሙ እንጥራ። ይህ ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ የአራቱን የሌሉ ሰዎች ነገር አስታውሱ! ሳይመረምር የቀዳ የሰውን ስሕተት አብሮ ይውጣል፤ ምንጩን የጻፈ ግን አንባቢው ተመልሶ እንዲያጣራ መንገድ ይተውለታል።

ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ በዝናቡ ቁጥር ያለ ፍርሃት ሥራበት፤ የለካውን ሰው ግን አትሰርዘው። ፋይሉንም ስትጨርስ ለሚቀጥለው አሳልፍ።