የላብ ሪፖርታችሁ ለምን ሁሌም 9.8 ይሆናል?

ፊዚክስ ዲፓርትመንት የገባ ተማሪ ሁሉ አንዲት ምሽት ያውቃል። ሪፖርት ነገ ጠዋት ይገባል። ዶርም ውስጥ አራት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ተደርድረው ከሲኒየር የወረሱትን ወረቀት ይገለብጣሉ። ሙከራው ፔንዱለም ነው፤ ክር፣ ጫፉ ላይ ክብደት፣ በእጅ ሰዓት። የሚፈለገው የመሬት ስበት መጠን፣ ያቺ «ጂ» የምንላት ቁጥር ናት። አንደኛው ልጅ ራሱ የለካውን አስልቶ 9.62 አገኘ። ጓደኞቹ ሳቁበት። «በቃ 9.8 አድርጋትና እንተኛ!» አደረጋት። ወረቀቱ ሲመለስ 10 ከ10።

እኔም በጊዜዬ አድርጌያታለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ግን ስለ ፊዚክስ ዲግሪ በተነሳ ቁጥር የምንጨቃጨቀው በሌላ ነገር ነው። «ሳልመርጠው ደረሰኝ»፣ «ሥራ የለውም»፣ «ከማስተማር ውጪ ምን ይሠራበታል?» እነዚህ ቅሬታዎች እውነት አላቸው፤ ሕክምና እና ሶፍትዌር ሞልቶ የተረፈው ተማሪ የሚላክበት ዲፓርትመንት ሞራል ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ሆኖም ከሁሉም በላይ ዲግሪውን ባዶ የሚያደርገው በዚያች ምሽት የሚሆነው ነገር ነው ባይ ነኝ።

የሚያስቀው ደግሞ 9.8 ራሷ አዲስ አበባ ላይ ትክክል አለመሆኗ ነው።

መሬት ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ወጣ ትላለች፣ ትሽከረከራለችም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሁለቱም ስበቱን ትንሽ ይቀንሱታል። ስለዚህ እዚህ የምትጠብቁት ቁጥር 9.77 አካባቢ ነው። ሰመራ ያለ ተማሪ ቆላ ላይ ስለሆነ ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ማግኘት አለበት። መጽሐፉ ላይ ያለው 9.8 ወይም 9.81 ለዓለም ሁሉ እንዲመች የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በጥንቃቄ ለክቶ 9.77 ያመጣውን ተማሪ «ከመጽሐፉ ራቅህ» ብሎ ማርክ የሚቀንስ መምህር ካለ፣ ትክክለኛውን ልጅ ነው የቀጣው።

ይህ ነገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን፣ የዛሬዋ የፈረንሳይ ጊያና ሄደ። ፓሪስ ላይ በትክክል የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሰዓቱን ለማስተካከል ፔንዱለሙን ወደ 3 ሚሊሜትር ገደማ ማሳጠር ነበረበት። ሪሼ የፓሪሱን ቁጥር ጽፎ መተኛት ይችል ነበር እኮ! ማንም አያየውም። እሱ ግን ያየውን ጻፈ። በኋላ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንሲፒያ ውስጥ ያንን ውጤት መሬት ወገቧ ላይ እንደምትሰፋ ለመከራከር ተጠቀመበት። አንድ ትልቅ እውቀት የመጣው «አልገጠመልኝም» ብሎ ከጻፈ ሰው ነው።

አሁን ወደ እኛ ላብ እንመለስ። የ1 ሜትር ፔንዱለም 100 ጊዜ ደርሶ ሲመለስ፣ ጂ 9.81 ከሆነ 200.6 ሰከንድ ይፈጃል። 9.77 ከሆነ ደግሞ 201.0 ሰከንድ። ልዩነቱ 0.4 ሰከንድ ናት። እጃችሁ ሰዓቱን ሲጫን የሚዘገየው ከዚህ ብዙም አያንስም። ርዝመቱን 4 ሚሊሜትር ከተሳሳታችሁ ደግሞ ልዩነቱ በሙሉ ይጠፋል። እንግዲህ ተማሪው ሊጨነቅበት የሚገባው ጥያቄ «ስንት መጣ?» ሳይሆን «ይህን ልዩነት ለማየት ልኬቴ በቂ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ለእኔ የአራት ዓመቱ ትምህርት ሥሩ ይህች ጥያቄ ናት። ኳንተም ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ በኋላ ይመጣሉ፤ ይህች የሌለችው ተመራቂ ግን ቀመር የሸመደደ ሰው ብቻ ነው።

«እና ምን ይጎዳል? ፔንዱለም ነው እኮ» የሚል አይጠፋም። የሚጎዳው ሰው አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኞች የጨረር ሕክምና ያገኛሉ። ከማሽኑ የሚወጣውን ጨረር መጠን የሚለካው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው፤ በዓለም ላይ የሚጠበቀው ልክነትም በ5 በመቶ ውስጥ ነው። ያ ባለሙያ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲማር «የሚጠበቀውን ቁጥር ጻፍ» እየተባለ አድጎ ከሆነ፣ አንድ ቀን መሣሪያው ያልተጠበቀ ቁጥር ሲያሳየው ምን ያደርጋል? እኔ ያን ሕመምተኛ መሆን አልፈልግም።

ሆስፒታል የማይገባው ደግሞ አብዛኛው ክፍል ይገባል። 9.8ን የቀዳ ተማሪ ነገ የ9ኛ ክፍል መምህር ሆኖ ለልጆቻችን 9.8ን ያስቀዳል።

ለመምህራኑም ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። አንድ የሚሠራ ዕቃ፣ ዙሪያውን ደግሞ የተኮለኮሉ አሥር ተማሪዎች፣ ለማረም የተከመረ ወረቀት፣ እና ቤት ኪራይ የማይሸፍን ደመወዝ ይዞ የእያንዳንዱን ልጅ ልኬት መከታተል ከባድ ነው። ቁጥሯ ቀርባለች ወይስ አልቀረበችም ብሎ ማርክ መስጠት ፈጣን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ ዲፓርትመንቶች ጉልበታቸውን ሁሉ ወደ ጥያቄ ማሠራት አዙረዋል። ምርጫ ጥያቄ ማንም ሰው መለካት መቻሉን አያሳይም። 50 ከመቶ ያመጣ ተመራቂ ቮልቲሜትር ነክቶ ላያውቅ ይችላል።

ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አለ። በሴሚስተር አሥር ሙከራ ከማስቀዳት ሦስት በቅጡ ማሠራት። ማርኩን ከመጨረሻዋ ቁጥር ላይ አንስቶ፣ ተማሪው ስህተቱን በገመተበትና ባብራራበት ላይ ማድረግ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ቃል በቃል መጠየቅ፤ «ለምን ይህን ያህል ጊዜ አወዛወዝሽው? ርዝመቱን ከየት እስከ የት ለካኸው?» የቀዳ ሰው እዚያ ይታወቃል። በተለይ አሁን ኤአይ በሰከንድ ውስጥ 9.79፣ 9.81፣ 9.80 የሚል ያማረ ሠንጠረዥ ፈጥሮ በሚሰጥበት ዘመን፣ በወረቀት ብቻ ማረም ቀልድ ሆኗል።

ለእናንተም ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልበል፣ ስልካችሁን እንደያዛችሁ። ያው ቴሌግራም ላይ የመልስ ፒዲኤፍ የምታወርዱበት ዕቃ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ፣ የማግኔት መለኪያ፣ ማይክሮፎንና ሰዓት አለው። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ፣ ጀርመን አኽን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ፣ እነዚህን ሁሉ ለሙከራ ይከፍትላችኋል። «ላብ የለንም» የሚለው ቅሬታ ትክክል ቢሆንም፣ ሙሉ በሙሉ እስረኛ አያደርጋችሁም።

ዛሬ ማታ ሲባጎና አንድ ከባድ ዳዶ ፈልጉ። ከአልጋው ብረት ላይ አንጠልጥሉት፤ ሲባጎው እንዳይለጠጥ፣ ማሰሪያው እንዳይንሸራተት ተጠንቀቁ። ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ከሆነ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ጎን አትሳቡት፤ በሰፊው ከተወዛወዘ ቀመሩ ራሱ ይዛነፋል። መቶ ጊዜ ቁጠሩ፤ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ አለፍ ይላል። ሦስት ጊዜ ድገሙትና ሦስቱን ውጤቶች አስተያዩ። 9.67 ከመጣላችሁ ወደ 9.8 አትቀይሯት። አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ ጠፍቶባችኋል። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ዳዶው አናት ሳይሆን እስከ መሃሉ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት።