የቆዳው ክብርና የመጽሐፉ ምስክርነት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የምንወርሰው ጽሑፍ ግን በምን መልኩ ሊደርሰን ይገባል? የጦርነት ማስታወሻዎችን የመጀመሪያ እትም እያደኑ የሚገዙና በወርቅ ቀለም ባጌጠ ቆዳ የሚያስጠርዙ ወዳጆች አሉኝ። ፍቅራቸውን አከብራለሁ። በቆዳው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ።

የቆዳ ጥራዝ በራሱ ነውር አይደለም። አሜሪካዊው ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በገንዘብ ከከሰረ በኋላ፣ በጉሮሮ ካንሰር እየተሠቃየ የጻፈውን ማስታወሻ ያሳተመለት ደራሲው ማርክ ትዌይን የመሠረተው ድርጅት ነበር። ግራንት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ሥራውን በፈጸመ በቀናት ውስጥ ዐረፈ። ባለ ሁለት ቅጹ መጽሐፍ ከተራ ጨርቅ እስከ ምርጥ ቆዳ በተለያየ ልባስ እየተጠረዘ ቤት ለቤት ተሸጠ። ከ300,000 በላይ ጥንድ በመሸጡም ለመበለቲቱ በ1886 የደረሳት የመጀመሪያ ክፍያ ብቻ 200,000 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ቆዳው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የታሪኩ አካል ነው።

እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስም ስለ ዓረቦች ዐመፅ የጻፈውን «ሰባቱ የጥበብ ዓምዶች» በ1926 በ30 ጊኒ ዋጋ ለ200 ያህል ተመዝጋቢዎች ሲያሳትም፣ የአንዱ ቅጂ ጥራዝ ከሌላው እንዲለይ አድርጎ ነበር። ለታሪክ አጥኚ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት በ1922 በስምንት ቅጂ ብቻ የታተመው ነው፤ ደራሲው ቆይቶ የቀነሰው ሩብ ያህል ጽሑፍ በዚያ ውስጥ አለና። የመጀመሪያ እትም ክብሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቃሉን ከማረሙ በፊት ምን እንዳለ ይመሰክራል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በ1965 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በጣሊያን ጦርነት ተማርከው የታሰሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ የዚያን ዘመን «ትዝታ» ያሳተሙት ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ ወዲህ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ወረራ ቢተርኩም፣ አንባቢ የሚመዝናቸው መቼና በማን ዘመን እንደታተሙ ሲያውቅ ነው። ይህን የሚነግሩት ደግሞ የፊት ልባሱና የኅትመት ዘመን የሰፈረበት ገጽ ናቸው።

እንግዲህ ጥንቃቄ የጎደለው ጠራዥ ምን ያደርጋል? የወረቀት ልባሱን ገንጥሎ ይጥላል፤ የገጾቹን ዳር ይከረክማል፤ ከዳሩ ጋር የቀድሞው አንባቢ በኅዳግ ላይ የጻፈውን ተቃውሞ ወይም እማኝነት አብሮ ይቆርጣል። መጽሐፉ ያምራል፤ ምስክርነቱ ግን ይጎድላል። ታሪካችን በየዘመኑ በሚሟገቱ ወገኖች መካከል በሚጎተትባት አገር ደግሞ «ይህ ቃል በዚያ ዓመት እንዲህ ታትሞ ነበር» ብሎ የሚያሳይ ቅጂ ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሚረታው ማስረጃ ባለው ሳይሆን ድምፁ በጎላው ይሆናል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያኖሩ ነበር። መጽሐፉ እንዳለ ይቆያል፤ ጌጡና ጥበቃው ከውጭ ነው። ዛሬም ገንዘቡ ያለው ሰብሳቢ ቅጂውን ሳይነካ ያማረ ማኅደር ሊያሠራለት ይችላል። ከዚያም በላይ ለአጥኚ ይክፈተው፤ ገጾቹንም በፎቶግራፍ ያስቀር። ለጌጥ ብቻ የተደረደረ ምስክር ቃሉን ለማንም አይሰጥምና።