አምባው ደህና ነው?

ዋልያ ለማየት ወደ ስሜን ተራሮች የወጣሁት እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር፡፡ ግጭ ስደርስ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል፤ ጭላዳው ሣር ይነጫል፡፡ ሰው ግን የለም፡፡ ለትውልድ ገብስ ሲዘራበት የኖረው መንደር በ2016 ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ወርዷል፡፡

ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ነው፡፡ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ፡፡ ያለ ዓለም አቀፍ ትብብር ይህ ባልሆነ ነበር፡፡ እርሻና ልቅ ግጦሽ የዋልያን መኖሪያ ሲያጠቡ መኖራቸውንም አልክድም፡፡ ከኢትዮጵያ በቀር አገር የሌለው እንስሳ ከጠፋ ከየት ይመጣል?

ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል፡፡ ጎብኚው በአምባው ጸጥታ ይደነቃል፤ ጸጥታው የተገዛበትን ዋጋ ግን አይጠይቅም፡፡ መንግሥታት፣ ዩኔስኮና ለጋሾች የሚመክሩበት «ዘላቂ ቱሪዝም» ከመሬቱ የተነሣውን ገበሬ በምክሩ ካላስቀመጠ፣ ከመግቢያው ክፍያም ካላካፈለ፣ ትብብሩ እኩሌታ ነው እላለሁ፡፡ ካሳ አንድ ጊዜ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ቱሪስት ግን በየዓመቱ ይመጣል፡፡ ዘላቂነቱ ለዋልያው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ሊሆን ይገባል፡፡

ስመለስ ደባርቅ ላይ ሻይ ያቀረበችልኝ ሴት የግጭ ተወላጅ ነበረች፡፡ ከየት እንደመጣሁ ስትሰማ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አምባው ደህና ነው?» አለችኝ፡፡

«ደህና ነው፤ ያምራል» አልኳት፡፡ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፡፡