ከመድረኩ ወርዶ ጭቃውን መርገጥ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለፖለቲካ ጽሑፍ የማይመጥን መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገሩ የሚጀምረው ከመጫወቻ መኪና ነውና። ሆኖም እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በፍኖተ ሰላም ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። የእኔ ዘመን ልጆች ኤንትሬዎቹ የቡሬን በርበሬና የአካባቢውን በቆሎ ተጭነው ሲያቃስቱ ከመንገድ ዳር ቆመን እናይ ነበር። ካየን በኋላም ከሽቦ፣ ከዘይት ቆርቆሮና ካረጀ የላስቲክ ጫማ የራሳችንን የጭነት መኪና እንሠራለን። መሪው ከመኪናው ተነሥቶ እስከ ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው። ያንን ይዘን ከኋላ እንሮጣለን። መኪናው የገባበት ጉድጓድ ውስጥ እኛም እንገባለን፤ አቧራውን አብረን እንቅማለን፤ ሲገለበጥም ጎንበስ ብለን የምናቃናው እኛው ነን።

ዕድሜና ስደት ተከታትለው መጥተው ሰሜን አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ይኸው የልጅነት ፍቅር በሌላ መልክ ተመለሰብኝ። ትራክሳስ የተባለው ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ቲ-ማክስ የሚባል በነዳጅ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚነዳ መጫወቻ የጭነት መኪና ለገበያ አቅርቦ ነበር። አንዱን ገዛሁና በየሳምንቱ መጨረሻ በአፈር ሜዳ ላይ ከሌሎች ጋር መወዳደር ጀመርሁ። በዚያን ጊዜ ሪሞቱና መኪናው የሚነጋገሩት ክሪስታል በምትባል ትንሽ ዕቃ በተወሰነ የሬዲዮ ሞገድ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ ከተገናኙ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን መኪና ያሳብደዋል። ስለዚህ ማን በየትኛው ሞገድ እንደሚነዳ ሳይታወቅ ሪሞቱን የሚከፍት ሰው እንደ ነውረኛ ይታይ ነበር።

ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ መኪናዬን በካርቶን ከትቼ አስቀመጥሁና ፓልቶክ ገባሁ። ብዙዎቻችሁ ያንን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ማይክሮፎን እየተቀባበልን «ሕዝቡ አደባባይ ይውጣ»፣ «ወደ ኋላ ማለት የለም» እንል ነበር። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሕዝቡ ሲወጣ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አገር ጥለው የወጡ የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ኋላ ይፋ እንዳደረጉት 193 ሲቪሎች ተገድለዋል። የገዳዩ ተጠያቂነት የገዳዩ ነው፤ ይህን ማንም አያደበዝዘውም። እኔ ግን በማግሥቱ እንደ ወትሮዬ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። ከአንድ ሪሞት ወደ ሌላ ሪሞት መሸጋገሬ የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ካርቶኑን ከፍቼ ወደ ሜዳው ተመለስሁ። ብዙ ነገር ተለውጧል። የነዳጁ ሽታ ቀርቶ መኪኖቹ በአመዛኙ በሊቲየም ባትሪ የሚሠሩ ሆነዋል። ክሪስታልም ቀርቷል፤ ሪሞትና መኪና አንድ ጊዜ ከተጣመሩ ሌላ ጣልቃ አይገባባቸውም። ግንኙነቱ ቢቋረጥ ደግሞ መኪናው በራሱ እንዲቆም ይደረጋል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ነጂዎች ከሜዳው ዳር ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆመው ይነዳሉ። የራሱን ዙር የጨረሰ ሁሉ ግን ሪሞቱን አስቀምጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ በየመታጠፊያው ቆሞም የሌሎች መኪና ሲገለበጥ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ያነሣል። የቱንም ያህል የከበረ ሰው ቢሆን ከዚህ ግዴታ አያመልጥም። ሌላው ሰው መኪናህን እንዲያነሣልህ ከፈለግህ አንተም ታነሣለህ።

ደስታዬን ላካፍል ብዬ ከጥቂት ወራት በፊት አገር ቤት ላለችው ታናሽ እኅቴ ደወልሁ። ለልጇም አንድ መኪና ልልክለት እንዳሰብሁ ነገርኋት። ዝም አለች። ቆይታም «ወንድም ጋሼ፣ ተወው» አለችኝ። «ይኼ ልጅ እንዲያ ያለ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ደብተር ላክለት ይልቅ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይሆነዋል።»

የኤሌክትሪክ ሞተሩ እዝዝታ ለእኔ ጨዋታ ነው። ለፍኖተ ሰላም ልጅ ግን ድሮን ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ሮይተርስ የሆስፒታል ባለሥልጣንን ጠቅሶ ዘግቧል። ነዋሪዎች የአየር ጥቃት ነው ብለዋል። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ስለተፈጸሙ የድሮን ጥቃቶች የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተደጋጋሚ ሪፖርት አውጥቷል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነች ከተማ ይህ ደረሰባት።

ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የፈጠራው አጥፊነት መንግሥታትን አስፈርቶ ዘላቂ ሰላም ያመጣል ብሎ ያምን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሩቅ የሚያዝዝ ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ አደጋው እሱ ዘንድ አይደርስምና። በሪሞት ቦምብ የሚጥል መንግሥት የገደለው ማን እንደሆነ ቀርቦ አያይም፤ ምርመራ ሲጠየቅም ዝምታን ይመርጣል። ይህ ዋነኛው በደል ነው።

ነገር ግን ጣታችንን ወደዚያ ብቻ ቀስረን መቆም ለእኛ በውጭ ላለነው አይበቃንም። ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀን «ግፋ»፣ «ድርድር ክህደት ነው»፣ «መንገድ ይዘጋ» የምንል ሰዎች የያዝነው ምንድን ነው? መንገዱ ሲዘጋ ማዳበሪያ የማይደርሰው የጃቢ ጠህናን ገበሬ ነው፤ ሆስፒታል የማትደርሰው የቡሬ ነፍሰ ጡር ናት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ከዚህ ወዲያ የለም። በዚያ ላይ ሁላችንም በአንድ ሞገድ የተለያየ ትእዛዝ እንልካለን።

«ታዲያ ዝም እንበል ወይ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዝምታ የገዳይ ወዳጅ ነውና። መልሴም ዝም እንበል የሚል አይደለም። የሜዳው ሕግ ነጂውን አትንዳ አይለውም፤ ተራህ ሲደርስ ወርደህ የወደቀውን አንሣ ይለዋል እንጂ። ስለዚህ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግና ጥቃቱ እንዲቆም በምንኖርባቸው አገሮች አደባባይ እንጩኽ፤ እዚህ አደጋው የራሳችን ነው። ለተፈናቀለውና ደብተር ለሌለው ልጅ ከኪሳችን እናውጣ። ስለ ጦርነትና ስለ ድርድር ከመፍረዳችን በፊትም እዚያው ላለ ዘመዳችን ደውለን እናዳምጥ። የማንከፍለውን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል የማዘዝ መብት ግን ማንም አልሰጠንም።

ለእኅቴ ልጅ ደብተሩን ልኬለታለሁ። ሰላም ወርዶ አገሬ ለመግባት ከበቃሁ፣ ሽቦና ቆርቆሮ ፈልገን ረጅም መሪ ያለው ኤንትሬ አብረን እንሠራለን። ድምፅ የለውምና አያስፈራውም። እኔም ከኋላው እየሮጥሁ አቧራዬን እቅማለሁ።

ቸር ያሰማን።