«አሶሳ ስመጣ የት ልብላ?» ለምትሉኝ ሁሉ

 

የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ኢንቦክሴ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ አሶሳ ልመጣ ነው፤ የት ልብላ? ምን ልብላ?» አንዱ ለሥልጠና ነው የሚመጣው፣ አንዱ ለስብሰባ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ጉባ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ሊያድር። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ሰው ደህና ነገር መብላት ቢፈልግ ደግሞ አይፈረድበትም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልንገራችሁ።

ጠዋት ፉል ብሉ። አሶሳ ከኩርሙክ ድንበር ያላት ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ የሱዳን እጅ ምግባችን ውስጥ አለ። ትልቅ ሆቴል አትፈልጉ፣ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ሻይ የሚጠጣበት ትንሽ ቤት ግቡ። ሙቀት ከሆነ ከርከዴ ጠይቁ፤ ትኩስም ቀዝቃዛም ይጠጣል። ዓሣ ከወደዳችሁ «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ብሉ። ድሮ ከአባይና ከዳቡስ ነበር የሚመጣው፣ አሁን ንጋት ሐይቅም ተጨምሯል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከመጣችሁ ደግሞ ስለ ምሳ አትጨነቁ፤ ማንጎ ራሱ ያጠግባችኋል። የአሶሳን ማንጎ እዚሁ ከዛፉ ስር ያልበላ ሰው ማንጎ በላሁ ባይል ይሻለዋል (ይቺ የኔ አድልዎ ናት፣ ይቅር በሉኝ)።

ጥብስ፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ፣ ክትፎ ከፈለጋችሁም ሞልቷል። እሱን ለማግኘት የኔ ምክር አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «አይ መምህር፣ እኔ የምፈልገው የአገሩን ምግብ ነው፤ በርታዎች የሚበሉትን፣ ጉሙዞች የሚበሉትን» የሚለኝ እንግዳ ሲመጣ መላ አጣለሁ። ምክንያቱም እኔ የማውቃቸው ሆቴሎች ሜኑ ላይ የለም። አሶሳ ተቀምጠህ የጉራጌን ክትፎ በ20 ደቂቃ ታገኛለህ፣ የጣሊያንን ፓስታ በ15 ደቂቃ ታገኛለህ። ገንፎ በባሚያ ወጥ ለመብላት ግን ዘመድ ወይም ጎረቤት ሊኖርህ ይገባል።

ለማታውቁት ላስረዳ። ገንፎ ሲባል ብዙዎቻችሁ የአራስ ቤት ነው ትዝ የሚላችሁ፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት። የዚህ አገሩ ሌላ ነው። በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት ይገነፋል፣ ቅቤ መሃሉ አይፈስበትም፣ ከወጥ ጋር ነው የሚበላው፤ ልክ እንጀራ በወጥ እንደምንለው። ወጡ ብዙ ጊዜ የባሚያ ነው። ባሚያን በርታዎች ከንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። ክረምት ላይ እርጥቡ ተከትፎ ይሠራል። ለበጋ ደግሞ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ የሚፈላው ወጥ ላይ እየተነሰነሰ ሲማሰል ወጡ ይወፍራል። ሥጋ ካለ በሥጋ፣ ዓሣ ካለ በዓሣ፣ ከሌለም በሽንኩርትና በቲማቲም። ክረምት ላይ ሌላም አለ፦ የቀርከሃ ቡቃያ። ገና ከመሬት ብቅ ሲል ይቆረጣል፣ ይላጣል፣ በደንብ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይሠራል። «ቀርከሃ ይበላል እንዴ?» ብላችሁ የምትስቁ አላችሁ አይደል? ቻይና ይበላል ሲባል ግን ማንም አይስቅም።

እኔ በርታ አይደለሁም። ቤተሰቦቼ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደዚህ ከሰፈሩት ናቸው። ቤታችን እንጀራ ነው የሚበላው። ገንፎ በባሚያ የበላሁት ጎረቤታችን በነበሩ የበርታ እናት ቤት ነው። ከልጆቻቸው ጋር አንድ ሳህን ላይ ነው ያደግሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው «የኛ ይበልጣል» ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እንግዳ ሆኖ የበላ ሰው ነው የሚመሰክረው።

ነገሩን ከምግብነት በላይ ያደረገብኝ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነው። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ስለ ቱሪዝም ስንማር ተማሪዎቼን «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አሶሳ ላይ ምን ትጋብዙታላችሁ? ዘርዝሩ» አልኳቸው። ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ በርገር፣ ፒዛ (ፒዛ!) ተጻፈ። ገንፎ ማንም አልጻፈም። ማታ ቤታቸው ገንፎ የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው እኮ። «ለምን?» ስል አንዷ ልጅ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ እሱ እኮ የቤት ነው፣ ለእንግዳ አይሆንም» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

«ለእንግዳ አይሆንም» የሚለውን ማን አስተማራት? እናቷ አላስተማረቻትም፤ እናቷ እንግዳ ሲመጣ ያላትን ታቀርባለች። ያስተማርናት እኛ ነን፣ ከተማው ነው። ልጅቷ በየሆቴሉ በር ላይ የተሰቀለውን ሜኑ እያነበበች ነው ያደገችው፤ የእናቷን ወጥ ስም አንድም ቀን እዚያ ላይ አላየችውም። ልጅ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይማርም፣ ከሜኑም ይማራል።

በጣም የሚገርመኝ ኅዳር 29 ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲመጣ ገንፎው ይሠራል፣ ባሚያው ይሠራል፣ በቀርከሃ ዕቃ ተደርድሮ ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል። ባለሥልጣን ቀመስ ያደርጋል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ «ባህላችንን እናስተዋውቅ» ይባላል። ኅዳር 30 ላይ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ወደ ፓስታችን። ምግብ በዓመት አንድ ቀን ተቀርጾ፣ ቀሪውን 364 ቀን ከተደበቀ ምኑን ተዋወቀ? ምግብ የሚተዋወቀው ተበልቶ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎበት፣ «ነገም ልምጣ» ሲል ነው።

እስቲ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ፤ ቻርለስተን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ በ1670 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ሀብቷ የተገነባው በሩዝ እርሻ ነው፤ ሩዙን ያመረቱት ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች እጃቸው ላይ ሰንሰለት እንጂ ሻንጣ አልነበረም፤ ግን የአገራቸው አበሳሰል ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። ባሚያም አብሯቸው ባሕሩን ተሻገረ። እንግሊዝኛው «ኦክራ» የሚለው ቃል ራሱ ከናይጄሪያው ኢግቦ ቋንቋ የመጣ ነው። «ጋምቦ» የሚባለው ታዋቂው የሉዊዚያና ወጥም ስሙን ያገኘው ባንቱ ቋንቋዎች ለባሚያ ከሚሰጡት ስም ነው ይባላል።

ለረጅም ዘመን ያ ምግብ የባሪያ፣ የድሃ፣ የጓሮ ምግብ ተብሎ ነው የታየው። ዛሬ ግን ቻርለስተን ሄዳችሁ «የት ልብላ?» ብትሉ ከሚነገራችሁ አንዱ የባሚያ ሾርባ በሩዝ ነው። የነዚያ ሰዎች ዘሮች ጋላ ጊቺ ይባላሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በ2006 እ.ኤ.አ. የሚኖሩበትን የባሕር ዳርቻ በቅርስነት እውቅና ሰጥቶታል። እዚያው አጠገብ ኖርዝ ቻርለስተን ውስጥ አልበርታ ግራንት የተባሉ ጥቁር እናት «በርታስ ኪችን» የሚባል ምግብ ቤት ከፍተው ነበር። ሴት ልጆቻቸው ተረክበው ይሠሩበት ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከራቫት ያሰረ አስተናጋጅ አልነበረውም፤ የባሚያ ሾርባና የተጠበሰ ዶሮ ነው ስሙን ያስጠራው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የምግብ ዓለም ትልቅ ስም ያለው የጄምስ ቤርድ ፋውንዴሽን ሽልማት ሰጣቸው።

ስሙን ልብ አላችሁልኝ? በርታስ ኪችን። የ«በርታ» ወጥ ቤት! ግጥምጥሞሽ ነው፣ ስሙ የመጣው ከባለቤቷ ስም ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቀናሁ። እዚያ ማዶ «በርታ» በባሚያ ወጥ ትሸለማለች፤ እዚህ የኛዋ በርታ ባሚያዋን ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጥና ማታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ትበላዋለች።

ደግሞ ባሚያ ለኛ ባዕድ አይደለም። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የባሚያ መነሻ ብሎ ከመዘገባቸው ቦታዎች አንዷ አገራችን ናት። ምሁራን አሁንም ይከራከሩበታል፤ ክርክሩ ውስጥ ግን ስማችን አለ። ሜኑው ውስጥ ነው የሌለው።

«ሰው አይወደውም» የሚሉ አሉ። አንድ የሆቴል ባለቤት ወዳጄ «ብሠራው ማን ያዛል? ያዝለገልጋል ይላሉ» ብሎኛል። እውነት ነው፣ ባሚያ ይዝለገለጋል። ግን ክትፎም ለማያውቀው ሰው ጥሬ ሥጋ ነው። የጉራጌ የቤት ምግብ የነበረው ክትፎ ዛሬ የአገር ምግብ የሆነው ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ቀን ስለወደደው አይደለም፤ ጉራጌዎች ሳያፍሩ በስሙ ቤት ከፍተው፣ በጣባ አሳምረው፣ ዋጋ አውጥተው ስላቀረቡት ነው። የትግራዩ ጥህሎም እንዲሁ አዲስ አበባ ላይ ሰው ተሰልፎ የሚበላው ሆኗል። ዶርዜዎች ቆጮአቸውን በማርና በዳጣ ለቱሪስት እያቀረቡ ይኖሩበታል። የኛ ምን ጎደለው?

«የጾም ጉዳይስ?» ለሚል፦ ባሚያ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ሲሠራ የለየለት የጾም ምግብ ነው። ገንፎውም እንደዚያው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ማዕድ የሚበላው ምግብ ነው። ክልላችን ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ምግብ ብቻውን ሰላም ያመጣል አልልም። ግን የጎረቤቱን ምግብ «ይሄ ደግሞ ምግብ ነው?» እያለ ያደገ ልጅና አብሮ ቆርሶ ያደገ ልጅ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እኩል አይሆኑም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸው፦

ሆቴል ያላችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ አላልኩም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ ገንፎ በባሚያ አድርጉ። ስሙን በበርትኛም በጉሙዝኛም በአማርኛም ጻፉት። የውጭ አገር ሼፍ አያስፈልግም፤ ምግቡን እየሠሩ ያረጁ እናቶች ሰፈራችሁ አሉ። ቅጠሯቸው፣ በደንብ ክፈሏቸው። ባሚያውንም ገበያ መሬት ላይ ከምትሸጠው እናት ግዙ፤ ገንዘቡ እዚሁ ይዞራል።

ቢሮ ያላችሁ፣ ሥልጠናና ስብሰባ የምታዘጋጁ፣ ምሳ የምታዙት እናንተ ናችሁ። ከሩዝና ከፓስታው ጎን አንድ ሰሃን የአገሩን ምግብ ጨምሩ ማለት በጀት አያናጋም። በንግግር «ባህላችንን» ከምትሉ በምሳው አሳዩን።

ከዚህ ክልል ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ውጭ አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ጓደኞቻችሁ «እናንተ ጋ ምን ይበላል?» ሲሏችሁ ጥብስ አትበሉ። የምትበሉትን ንገሯቸው፤ ከተመቻችሁም ሠርታችሁ አብሏቸው።

እንግዶች ደግሞ፣ አሶሳ ስትመጡ ሜኑ ላይ ባታዩትም ጠይቁ። «ገንፎ በባሚያ አለ?» በሉ። «የለም» ይሏችኋል፣ ምንም አይደል። አሥረኛው እንግዳ ሲጠይቅ ባለቤቱ ማሰብ ይጀምራል፣ ሃያኛው ሲጠይቅ ምድጃ ላይ ይጣዳል። ገበያ እንደዚህ ነው የሚሠራው።

እስከዚያው ድረስ አሶሳ ላይ የት ይበላል ለሚለው የኔ እውነተኛ መልስ፦ ሰው ቤት ነው። ሰው ከሌላችሁ ጻፉልኝ፣ ሰው አላጣላችሁም።

አሶሳ ውስጥ ይህን ምግብ እየሠራችሁ የምትሸጡ ካላችሁ፣ ትንሽም ጎጆ ብትሆን፣ ኮሜንት ላይ ቦታችሁን ጻፉ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ። የማትስማሙም ሐሳባችሁን ጻፉ። «ያዝለገልጋል» የሚል ኮሜንት ግን መጀመሪያ ቀምሶ ይሁን!

መልካም ሳምንት።